ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ሕመም እንዳለባችሁ ለተነገራችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ክረምት እረፍት

ብዙዎቻችሁ እዚህ የደረሳችሁት በረጅም መንገድ ነው። መጀመሪያ አሜባ ተባለ፣ ቀጥሎ ጃርዲያ፣ ከዚያ ታይፎይድ፣ በመሐሉም ጨጓራ። የተሰጠው ኪኒን ሁሉ ለጥቂት ቀናት ያሻለ ይመስልና ቁርጠቱና ተቅማጡ ይመለሳል። ሱሪው ወገብ ላይ አልቆም ሲል ጓደኞች ጥናት ስለበዛ ነው ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም የደም ማነሱን፣ የክብደቱን መቀነስና የሕመሙን መመላለስ አንድ ላይ አይቶ ወደ ኮሎኖስኮፒ፣ አንጀት ውስጥ በካሜራ ወደሚታይበት ምርመራ፣ ይልካል። ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል፣ ውጤቱም ከዚህ በፊት ሰምታችሁት የማታውቁት ስም ይዞ ይመጣል።

እኔም ከዚህ ሕመም ጋር ተምሬ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁምና እዚህ ያለው ነገር ከሐኪማችሁ ቃል የሚበልጥ አይደለም። የሐኪሙ ክፍል ግን በየቀጠሮው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ጊዜ በዶርም፣ በካፌ፣ በመማሪያ ክፍልና በፈተና አዳራሽ ያልፋል። የምጽፈው ስለዚያ የቀረው ጊዜ ነው። ደጋግሜ የምመለስበት አንድ እምነት አለኝ፦ ሕመሙ በተነሳ ጊዜ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ መድኃኒትና ሰው ሁሉ የሚዘጋጀው ሆድ ጸጥ ባለበት ጊዜ ነው።

1. የተነገራችሁን በትክክል እወቁ

ክሮንስ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የገዛ አንጀቱን የሚቆጣበት የቆየ ሕመም ነው። ስሙን ያገኘው ቡሪል ክሮን ከተባለ ሐኪም ነው፤ ከሊዮን ጊንዝበርግና ከጎርደን ኦፐንሃይመር ጋር ሆኖ በ1932 እ.ኤ.አ. ከኒው ዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል በሽታውን በጽሑፍ አስታውቋል። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ግን የትንሹን አንጀት መጨረሻና የትልቁን መጀመሪያ ነው። ጤነኛ ቦታ እየዘለለ እዚህም እዚያም ይቆስላል፣ ቁስሉም ወደ አንጀቱ ግድግዳ ጠልቆ ይገባል። ብዙ ሰው የሚታወቅበት በወጣትነቱ፣ በትምህርት ዘመኑ ነው።

አይተላለፍም። በማዕድ፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በመሳሳምም ሆነ በአልጋ አይጋባም። እናንተ ያመጣችሁት ነገርም አይደለም፤ ጭንቀት ወይም የካፌ ምግብ አልፈጠረውም። በዘር የመጋለጥ ነገር አለው፣ ሆኖም ክሮንስ ካለበት ሰው የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች አይታመሙም። ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕመሙን ለወራትና ለዓመታት የሚያስተኛው መድኃኒት ግን አለ፤ የሕክምናውም ዓላማ ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። የትኛው የአንጀቴ ክፍል ነው የተያዘው? የጠበበ ቦታ አለ? በፊንጢጣ አካባቢ መግል ወይም ቀዳዳ ታይቷል? የደም ማነስ አለብኝ? የአይረንና የቫይታሚን ቢ12 መጠኔስ? ቢ12 የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። ያ ቦታ ከታመመ ወይም በቀዶ ሕክምና ከወጣ እጥረቱ በዝምታ ይመጣና ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የማስታወስ መቀነስ ያስከትላል። ተማሪው ሰነፍኩ ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ የጎደለው ግን የቢ12 መርፌ ነው።

አንዱን ጥያቄ ለብቻው አነሳዋለሁ፣ በአገራችን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና፦ የአንጀት ቲቢ አለመሆኑ በምን ተረጋገጠ? የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በኮሎኖስኮፒም በምልክትም እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ያንኑ የአንጀት ክፍል ይወዳሉ። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለክሮንስ የሚሰጠው መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ያወርዳል፣ ስለዚህ ያልታወቀ ቲቢ ካለ እሳቱን ያራግበዋል። ሐኪማችሁ የደረት ራጅ፣ የናሙና ምርመራ ወይም ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን የቲቢ ምርመራ ቢያዝ ጊዜ እያባከነ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዴም መለየት ሲያቅት መጀመሪያ የቲቢ መድኃኒት ተሰጥቶ ለውጡ ይታያል። ከዚሁ ጋር የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የሰገራ ምርመራ ይታዘዛል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ጥገኛ ትል ሳይታከም ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መከላከያ የሚያወርድ ኪኒን ቢጀመር ትሉ በመላ አካል ተሠራጭቶ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

2. ፋይል ክፈቱ

አንድ የፕላስቲክ ክላሰር ግዙ። የኮሎኖስኮፒ ውጤት፣ የናሙና ውጤት፣ ሲቲ ስካን ካለ ሪፖርቱና ሲዲው፣ የደም ምርመራዎች በቀን ቅደም ተከተል፣ የመድኃኒት ማዘዣዎች፣ የሪፈር ወረቀት፤ ሁሉም እዚያ ይግቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩ። ዋናው ወረቀት በዝናብም በዶርም ለውጥም ይጠፋል።

ከፊት ለፊቱ አንድ ገጽ በእጃችሁ ጻፉ፦ ስም፣ የበሽታው ስምና የታወቀበት ወር፣ የያዘው ቦታ፣ አሁን የምትወስዱት መድኃኒትና መጠኑ፣ የማይስማማችሁ መድኃኒት፣ የሐኪማችሁ ስምና የሆስፒታል ካርድ ቁጥር፣ የቅርብ ሰው ስልክ። እኩለ ሌሊት ላይ ክሊኒክ ብትገቡ ተረኛው ሐኪም በሽታውን በመጽሐፍ እንጂ በአካል አይቶት ላያውቅ ይችላል። ያ አንድ ገጽ ከአሜባ መድኃኒት እንደገና ከመጀመር ያድናችኋል።

ክትትላችሁ በተቻለ መጠን ከአንድ ሐኪም ጋር ይሁን። የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስቶች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከመንግሥት ሆስፒታሎች ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ በዚህ ይታወቃሉ። ክፍለ ሀገር የተመደባችሁ ከሆነ ስፔሻሊስቱን በየጥቂት ወሩ፣ በመሐል ደግሞ በአካባቢው ሆስፒታል ያለ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ማየት የሚሠራ አካሄድ ነው። ሁለቱ በወረቀት ይነጋገሩ፣ ወረቀቱን የምታመላልሱት እናንተ ናችሁ። በግቢው ክሊኒክ በኩል በሪፈር መሄድ የሚያስገኘውን የወጪ ቅነሳ በራሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

3. መድኃኒቱን እንደ ትምህርት አጥኑት

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በፕሬድኒሶሎን ነው። ፈጣን ነው፤ በቀናት ውስጥ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ቁርጠቱ ይቀንሳል። ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር ይወሰዳል። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ያሳጣል። ፊት ያብጣል፣ ብጉር ይወጣል፣ ስሜት ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። እነዚህ መጠኑ ሲቀንስ ይቀንሳሉ። ሁለት ነገር በጥብቅ ያዙ። አንደኛ፣ በድንገት አታቋርጡት። ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ በአንድ ቀን መተው ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ሐኪሙ በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል፤ ያንን መርሐ ግብር በግድግዳ ካላንደር ላይ ጻፉት። ሁለተኛ፣ ፕሬድኒሶሎን የረጅም ጊዜ መድኃኒት አይደለም። ስላሻላችሁ ብቻ ከመድኃኒት ቤት እየገዛችሁ ለወራት የምትቀጥሉት ነገር አይሁን፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

በሽታውን አስተኝቶ ለማቆየት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አዛታዮፕሪን ነው። ይህ ደግሞ ዝግተኛ ነው፤ ሥራው እስኪታይ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል። አልሠራልኝም ብለው የሚተዉት አብዛኞቹ ሊሠራ ሲል ነው የሚተዉት። የነጭ ደም ሴል ሊቀንስና ጉበት ሊነካ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ፣ በኋላም በየሦስት ወሩ ገደማ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። በጀመራችሁ ሰሞን ወደ ጀርባ የሚወጋ ብርቱ የሆድ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ክኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሜቶትሬክሴት የሚሰጣቸው ሴቶች ይህ መድኃኒት ፅንስን እንደሚጎዳ ከመጀመራቸው በፊት ይወቁ። የወሊድ መከላከያን ነገር ከሐኪም ጋር በግልጽ ተነጋገሩ፣ ማፈሩ ዋጋ ያስከፍላል።

ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ የሚባሉት መርፌዎች ለብዙ ሕሙማን ትልቅ ለውጥ አምጥተዋል። ኢንፍሊክሲማብ በአሜሪካ ለክሮንስ የተፈቀደው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችን ዋጋቸው ከባድ ነው፣ አቅርቦታቸውም ይቆራረጣል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ እንልካለን ሲል ደስታው እንዳለ ሆኖ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አስወስኑ፦ መርፌው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ የግድ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ ስላለበት በሻንጣ ውስጥ በሙቀት የመጣ መርፌ ገንዘብን መድፋት ነው። አንድ ጊዜ ተጀምሮ በመሐል መቋረጡም ሰውነት መድኃኒቱን እንዲቃወም ያደርጋል። ስለዚህ ጥያቄው «ይላክልኝ ወይ?» ሳይሆን «ሳይቋረጥ ለምን ያህል ጊዜ ሊላክልኝ ይችላል?» የሚለው ነው።

መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ፤ የሦስት ሳምንት ሲቀር መፈለግ ጀምሩ። ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ቀጥሎ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ጠይቁ። አዛታዮፕሪን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎችም የሚወስዱት ስለሆነ ለእነርሱ የሚያቀርቡ መድኃኒት ቤቶች ያውቁታል።

አሁን ደግሞ የማይወሰደው። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አንጀቱን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለራስ ምታት፣ ለጥርስ ሕመም፣ ለወገብ የሚሰጡት እነዚህ ናቸው፤ በየክሊኒኩም የዳይክሎፌናክ መርፌ በቀላሉ ይወጋል። «ክሮንስ አለብኝ፣ ፓራሲታሞል ይሁንልኝ» ማለትን ልመዱ። የወር አበባ ሕመም ያለባችሁ እህቶች ይህ በተለይ ይመለከታችኋል፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ሆድ ላይ ማድረግና ፓራሲታሞል በቅድሚያ ይሞከር፣ ካልበቃ ሐኪም ሌላ አማራጭ አለው። ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒንም በራሳችሁ አትውሰዱ። ሲጋራ ክሮንስን እንደሚያባብስና ለቀዶ ሕክምና እንደሚያደርስ በደንብ የታወቀ ነው፤ የሚያጨስ ሰው ለራሱ ሊያደርግ ከሚችለው ነገር ሁሉ ማቆሙን የሚያህል ጥቂት ነው።

4. ካፌው

ክሮንስ ላለበት ሁሉ የሚሆን አንድ የምግብ ዝርዝር የለም። ሕመሙ የተነሳበትን ጊዜና ጸጥ ያለበትን ጊዜ ለይቶ መብላት ነው ዋናው ነገር።

ሕመሙ ሲነሳ አንጀት የሚፈልገው ለስላሳና ገለባ የሌለው ነገር ነው፦ አጥሚት፣ በርበሬ ያልነካው ገንፎ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የበሰለ ካሮት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ወይም የሥጋ መረቅ፣ ሙዝ፣ ነጭ ዳቦ። ቆሎ፣ ፈንድሻ፣ ጥሬ ጎመንና ሰላጣ፣ ቃርያ፣ ሚጥሚጣ፣ ልጣጩ ያልወጣ ባቄላና ሽምብራ ይቆዩ። ወተት የሚነፋችሁ ከሆነ ተዉት፤ እርጎ ብዙዎችን ይስማማል። ቡና አንጀት ያስሮጣል፤ ጠዋት ክፍል ከመግባታችሁ በፊት በባዶ ሆድ አትጠጡት። አንጀታቸው የጠበበ ቦታ ያለው ሰዎች ደግሞ ጤነኛ ነን ባሉበት ጊዜም ቆሎ፣ ፈንድሻና የብርቱካን ገለባ ይጠንቀቁ፣ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ሊቀረቀር ይችላል።

ሕመሙ ሲረግብ ግን ብሉ! እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙ ተማሪ አንድ ጊዜ ያመመውን ምግብ ሁሉ እየሰረዘ ሄዶ በመጨረሻ በዳቦና በሻይ ይቀራል፣ ከሕመሙ ይልቅ ረሃቡ ያከሳዋል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ አንድ በአንድ ይመለሱ። በአንድ ጊዜ አንድ አዲስ ነገር በትንሹ ብሉ፣ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ በደብተር ጻፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የራሳችሁ ዝርዝር ይኖራችኋል፤ ከማንም ምክር ይበልጣል። እንጀራን ለብቻው የሚከለክል ምክንያት የለም። ጤፍ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የለውም የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ጉዳይ የሚመለከተው ሴሊያክ የሚባለውን ሌላ በሽታ ነው።

ከካፌው ጋር እንዴት ትስማማላችሁ? የክሊኒኩን ደብዳቤ ይዛችሁ የተማሪዎች ምግብ አገልግሎት ኃላፊውን ራሱን አነጋግሩ። መስኮቱ ላይ ወጥ የምትጨልፈውን እናት ሰልፍ መሐል ማስቸገር ውጤት የለውም፤ ረጋ ባለ ሰዓት ሄዳችሁ «እማማ፣ አንጀቴን ታምሜ ነው፣ አልጫ ካለ ለእኔ ይሁንልኝ» ብትሏት ግን ከደብዳቤው ይልቅ የሚሠራው ይህ ሊሆን ይችላል። አልጫ በሌለበት ቀን ወጡን ትታችሁ ድንቹን ብቻ እንድታወጣላችሁ ጠይቁ። ሌላው አማራጭ ኖን ካፌ ሆኖ በገንዘብ መቀበል ነው። ገንዘቡ ለወር የሚበቃ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት አስሉት፣ ከቤት ድጋፍ ከሌለ ካፌውን ይዞ እንቁላልና ሙዝ ከውጭ መጨመር ይሻላል። ከቤት የሚላክ በሶና የአጥሚት ዱቄት ካለ ሎከራችሁ ውስጥ ይቀመጥ።

መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት የተከለከሉ ናቸው። ሠርግና በዓል ላይ ቁርጥ ሲቀርብ ጥብሱን ጠይቁ። ውሃም አፍልታችሁ ወይም አክማችሁ ጠጡ።

ተቅማጡ ከበረታ ኦ.አር.ኤስ.፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ጠጡ። ከሌለ፦ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ከዚህ አይብለጥ።

5. ዶርምና መጸዳጃ ቤት

ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ በቀን ስምንትና አሥር ጊዜ መጸዳጃ ቤት መሄድ ያለበት ተማሪ ግን ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስበው ስለዚህ ነው።

ለፕሮክተሩ የሐኪም ወረቀት አሳይታችሁ ለመጸዳጃ ቤቱ የቀረበ ክፍልና የተደራራቢ አልጋውን ታችኛ ጠይቁ። ውሃ ሲጠፋ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ ከአልጋችሁ ሥር ሁልጊዜ የሞላ ጀሪካን ይኑር፣ ከእሱም ጋር በእጅ የሚያዝ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ። የማታ መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ትራስ ሥር ይቀመጥ። በቦርሳችሁ የጎን ኪስ ውስጥ ደግሞ ሶፍት፣ ሳሙና፣ አንድ የውስጥ ልብስ፣ አንድ ፌስታል፣ ቫዝሊን። ፊንጢጣ ሲላጥ ደረቅ ወረቀት ያቆስለዋልና በውሃ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ደርቆ ቫዝሊን ይቀባል። በቤታችንም በእምነታችንም የኖረው በውሃ የመታጠብ ልማድ ለዚህ ሕመም የተመቸ ነው።

በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት የክፍል መርሐ ግብራችሁን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። በእያንዳንዱ ሕንፃ የትኛው መጸዳጃ ቤት ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ውሃ እንዳለው፣ የትኛው በር እንደሚቆለፍ እዩ። የሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ቁልፍ የሚይዘውን ሰው ተዋወቁ። ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ ከበሩ አጠገብ፣ ከኋላ ተቀመጡ። የት እንደምትሮጡ ማወቅ ብቻውን ሆድን ያረጋጋል።

6. ለማን፣ ምን ያህል ይነገር

ለሁሉም መንገር አያስፈልግም። ለማንም አለመንገር ግን አደገኛ ነው። ከዶርም ጓደኞቻችሁ አንዱን ምረጡ፤ ቀልደኛውን ሳይሆን ሌሊት ብትቀሰቅሱት የሚነሳውን። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «አንጀቴ ላይ የሚመላለስ ቁስለት አለብኝ። ክሮንስ ይባላል፣ አይተላለፍም። አንዳንድ ቀን ከአልጋ ላልነሳ እችላለሁ። ሆዴ ተነፍቶ ማስታወክ ከጀመርኩ ወይም ብርቱ ትኩሳት ካየህብኝ ይህን ክላሰር ይዘህ ሆስፒታል ውሰደኝ፤ የወንድሜ ስልክ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ።» ከዚህ በላይ ዝርዝር የእናንተ ምርጫ ነው።

ቤተሰብ ሌላ ነገር ነው። በስልክ «አልጋ ያዝኩ» የሚል ቃል ከሰሙ እናት በማግሥቱ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ አባትም ትምህርቱ ይቅር ብሎ ሊወስን ይችላል። የሚቻል ከሆነ በአካል ንገሯቸው። ካልሆነ መጀመሪያ ለታላቅ እህት ወይም ወንድም ተናግራችሁ እነርሱ ያስረዱላችሁ። ሦስት ነገር አብራችሁ አድርሱ፦ ካንሰር አይደለም፣ መድኃኒት አለው፣ ትምህርቴን እየተማርኩ እከታተላለሁ። ስለ ገንዘቡም አትደብቁ። መድኃኒቱ በየወሩ የሚገዛ መሆኑን ቤተሰብ ካወቀ እቁቡን፣ የመኸሩን ገንዘብ አስቀድሞ ያስተካክላል፤ በየወሩ እንደ ድንገተኛ ሲጠየቅ ግን ይከብደዋል።

7. ሪጅስትራርና ፈተና

ከዚህ የሚከተለው ሁሉ ከመታመማችሁ በፊት የሚደረግ ነው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ከክሊኒኩ ወይም ከሆስፒታሉ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አውጡ። «የቆየ የአንጀት ሕመም ያለበትና ክትትል የሚያስፈልገው» ማለቱ ይበቃል። አንድ ቅጂ ለዲፓርትመንት ኃላፊ፣ አንድ ለአማካሪ መምህር ስጡና በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የተቀበለው ክፍል ቀንና ፊርማ እንዲያኖር ጠይቁ።

ለፈተና፣ በፈተናው ጠዋት በር ላይ ሳይሆን ከቀናት በፊት መምህሩን አግኙት። የምትጠይቁት ነገር ግልጽ ይሁን፦ በበሩ አጠገብ መቀመጥ፣ ከፈታኝ ጋር ወጥቶ መመለስ፣ የባከነው ደቂቃ እንዲታሰብ። የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥና ሰዓቱ የሚቆጥር በመሆኑ ለዚያ ማመልከቻው ይበልጥ ቀደም ብሎ መግባት አለበት። በዩኒቨርሲቲያችሁ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል ካለ አካል ጉዳተኛ አይደለሁም ብላችሁ አትለፉት፣ ገብታችሁ ጠይቁ።

ፈተና ካመለጣችሁ የሕክምና ማስረጃውን በዚያው ሳምንት አስገቡ። ሜክአፕ የሚፈቀደው በጊዜው ለቀረበ ወረቀት ነው። ሴሚስተሩ ጨርሶ ካልተቻለ በሕመም ምክንያት ዊዝድሮው ሙሉ። ልብ በሉ፦ ቅጽ ሳይሞሉ ሻንጣ ይዞ ወደ ቤት መሄድ ያስባርራል፤ ቅጽ ሞልቶ መሄድ ግን መመለሻውን ክፍት ያደርገዋል። የመመለሻ ማመልከቻው መቼ እንደሚገባ ከመውጣታችሁ በፊት ከመማሪያ ሕጉ ላይ አንብቡ፣ የክሊራንሱንም ቅጂ ያዙ። አንድ ዓመት ዘግይቶ መመረቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ታመው የተፈተኑት ፈተና ያመጣው ኤፍ ግን ለዓመታት ይከተላል።

8. ጸበል፣ ጾምና ባህላዊ መድኃኒት

የሚወዷችሁ ሰዎች ፌጦ በሎሚ፣ ኮሶ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይዘው ይመጣሉ። በፍቅር ነው፤ በክብር ተቀበሉና አትዋጡት። ኮሶ አንጀትን ጠራርጎ የሚያስወጣ ነው፣ ፌጦም ያቃጥላል። በቆሰለ አንጀት ላይ ሁለቱም ጉዳት ናቸው።

ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል፤ ነገሩ ለዚህም ያው ነው። በተለይ ፕሬድኒሶሎን ላይ ያለ ሰው አቋርጦ ሱባኤ ቢገባ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከላይ ጽፌዋለሁ። ጸበሉን በብዛት ጠጥቶ ማስመለስና ማስቀመጥም ለደከመ ሰውነት ፈሳሽ ማጣት ነው፤ ለአጥማቂው ሕመማችሁን ንገሩት።

በጾም ጉዳይ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች። ሙስሊሞችም እንደዚሁ፤ የታመመ ሰው ረመዳንን ማፍጠርና በሌላ ጊዜ መክፈል እንደሚችል፣ የማይችልም ፊድያ (ለድሃ የሚሰጥ ምግብ) እንደሚሰጥ በሃይማኖቱ የታወቀ ነው። ሕመሙ ተኝቶ መጾም የምትፈልጉ ከሆነ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ያስተካክል፣ ፕሮቲንና ፈሳሽ አይጉደል።

9. ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሆድ ተነፍቶ፣ ጋዝም ሰገራም ቆሞ፣ ትውከት ከመጣ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ምግብም ውሃም አቁማችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ። በፊንጢጣ አካባቢ የሚያም እብጠት ከትኩሳት ጋር፣ ብዙ ደም፣ ራስ መሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ፤ እነዚህም እስኪነጋ አይቆዩም። አዛታዮፕሪን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም መርፌዎቹን የሚወስድ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ጉንፋን ነው ብሎ አይተኛ። ዓይን ቀልቶ ብርሃን ሲያይ የሚያም ከሆነም የዓይን ሐኪም ጋ በዚያው ቀን ይሂድ፤ ክሮንስ ከአንጀት ውጭ ዓይንን፣ መገጣጠሚያንና ቆዳን ይነካል።

10. ስለ ልብ

በዚህ ሕመም ውስጥ ድብርትና ጭንቀት ብዙ ሰው ላይ ይታያሉ። መጀመሪያ ላይ ማልቀስና መናደድ የሚጠበቅ ነው። ሳምንታት አልፈው ከአልጋ መነሳት፣ መብላት፣ ሰው ማየት ካስጠላችሁ፣ ወይም መኖር ዋጋ የለውም የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ለሐኪማችሁ በዚያው ቃል ንገሩት፤ ሐሳቡ ራስን ወደ መጉዳት ካዘነበለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግቡ። ፕሬድኒሶሎንም ይህን ሊያመጣ ስለሚችል መጠኑ ይታያል። የግቢው የምክር አገልግሎት ካለ ተጠቀሙበት። ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የሚያስጨንቃችሁም ካላችሁ ይህን እወቁ፦ ሕመሙ ተኝቶላቸው የሚያገቡ፣ የሚወልዱ፣ የሚያጠቡ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ለእርግዝና ከማሰብ በፊት መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ነው የሚያስፈልገው።

11. ለክረምት ከግቢ ስትወጡ

ከመጨረሻው ፈተና ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የእረፍቱን ወራት የሚሸፍን ማዘዣ ተቀበሉ፣ መድኃኒቱንም እዚያው ከተማ ግዙ፣ የትውልድ ወረዳችሁ ላይ ላይገኝ ይችላልና። በአቅራቢያችሁ የሚገኝ ሆስፒታል የደም ምርመራ መሥራት ይችል እንደሆነ በስልክ አጣሩ። ለጉዞው ቀን፣ ከማታው ጀምሮ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፣ ጠዋት ቡና አትጠጡ፣ ከሾፌሩ ረዳት አጠገብ ያለውን ወንበር ያዙና ሕመሙ ሲነሳ ሳይሆን አውቶቡሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት «ሆዴን ያመኛል፣ ስጠይቅ አቁሙልኝ» ብላችሁ ንገሩት። ክላሰሩና መድኃኒቱ ከላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሂዱ፤ በእጃችሁ ያዟቸው።